ደንበኛ እያለ ገንዘብ ለምን አይጠራቀምም?

ጥያቄ፦ በበዴሳ ከተማ ሦስት ሆነን ሞተር ሳይክል እንጠግናለን። ደንበኛ አለን፤ ገንዘብ ግን እጃችን ላይ አይቆይም። የንግድ ሥልጠና ይረዳናል ወይስ ጊዜ ያባክንብናል?

መልስ፦ ይረዳችኋል፤ የሥልጠናው ዓይነት ግን ይወስናል። በሎሜ፣ ቶጎ፣ በ1,500 ጥቃቅን ድርጅቶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ። የተለመደው የንግድ ትምህርት አስተማማኝ የትርፍ ለውጥ አላሳየም፤ ቀድሞ ማሰብንና በእንቅፋት አለመበገርን ያስተማረው ግን ትርፍን በ30 በመቶ ገደማ አሳድጓል። የኢንተርፕረነርሽፕ ልማት ኢንስቲትዩት በአገራችን የሚሰጠው ኢምፕሬቴክ የተባለው ሥልጠናም የሚያተኩረው በሥራ ፈጣሪው ባሕርይ ላይ ነው።

ሥልጠናውን እስክታገኙ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ የሱቁን ገንዘብ ከኪሳችሁ ለዩ። ለየራሳችሁ ቁርጥ ደመወዝ መድቡ። የመለዋወጫውንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ጻፉ፤ ብዙ ጠጋኞች የእጅ ዋጋ የሚተምኑት ጎረቤታቸውን አይተው ነው፤ የፈጀባቸውን ሰዓትና የቤት ኪራዩን አያስቡም፤ ገንዘቡ የሚጠፋው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ዱቤም ይመዝገብ። ዘይት የሚቀየርበትን ቀን ይዛችሁ ለደንበኛው ቀድማችሁ ደውሉለት።

ስለ ሥልጠናው በወረዳችሁ በዳሞት ወይዴ የሥራ ዕድል ፈጠራን የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ሁለታችሁ ስትሄዱ አንዳችሁ ሱቁን ይክፈት።