ሸክም ከማንሳታችን በፊት



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጀርባችን ነው። ይህ ለቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ የሚገባ አይደለም የምትል እኅት ብትኖር፣ ሥጋችን ከእግዚአብሔር የተቀበልነው አደራ መሆኑን ታስብ። በሰው አገር ወገቧ የተጎዳ እኅት ጤናዋን ብቻ ሳይሆን ሥራዋንና ለቤተሰቧ የምትልከውንም ልታጣ ትችላለች።

ብዙዎቻችን የሚጎዳን የሸክሙ ክብደት ብቻ ይመስለናል። ይሁን እንጂ አነሳሳችንም የዚያኑ ያህል ይጎዳል። በስፖርት ቤት አግዳሚ ላይ ተጋድመው ብረት ወደ ላይ የሚገፉ ሰዎችን እንመልከት። ብረቱን ከማንሳታቸው በፊት እግራቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ፣ ትከሻቸውን ወደ ኋላ ይሰበስባሉ፣ የእጃቸውን አንጓ ቀጥ ያደርጋሉ፣ ትንፋሻቸውን ያዘጋጃሉ። ብረቱ ከባድ ሲሆን አጠገባቸው የሚያግዝ ሰው ይቆማል። እኛ ግን ባልዲውን የምናነሳው ማዳም እየተጣራች፣ ድስቱ እየፈላ፣ በጥድፊያ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

አስቀድመን ክብደቱን እንወቅ። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ይመዝናል። እንግዲህ ሙሉ የ20 ሊትር ጀሪካን ከ20 ኪሎ በላይ ነው ማለት ነው። ማቀዝቀዣው ላይ የሚገለበጠው ትልቁ የመጠጥ ውኃ ጠርሙስም 19 ኪሎ ያህል ይሆናል። የታጠበ ምንጣፍ ውኃ ስለሚጠጣ ከደረቁ እጅግ ይከብዳል።

የእንግሊዝ አገር የሥራ ጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለሴቶች ያወጣው መመሪያ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። በወገብ ቁመት፣ ወደ ሰውነት ተጠግቶ ለሚያዝ ሸክም 16 ኪሎ ይላል፤ እጅ ተዘርግቶ ሲያዝ ግን 10 ኪሎ። ከመሬት አካባቢ ለሚነሳው ደግሞ ተጠግቶ 7 ኪሎ፣ እጅ ተዘርግቶ 3 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ያው አንድ ባልዲ እንደ አያያዛችን ይቀላል፣ ይከብዳልም።

እንግዲህ ከመሬት ስናነሳ ይህን ቅደም ተከተል እንያዝ።

1ኛ. መንገዱን እንይ። ወለሉ እርጥብ ነው? በሩ ክፍት ነው? የምናስቀምጥበት ቦታ ተዘጋጅቷል?

2ኛ. እግራችንን እንትከል። በትከሻችን ስፋት ከፍተን፣ አንዱን ትንሽ ወደ ፊት አድርገን እንቁም። የሚያንሸራትት ነጠላ ጫማ አናድርግ።

3ኛ. ሸክሙን ወደ ሰውነታችን እናስጠጋ። ርቆ ያለውን መጀመሪያ ወደ እግራችን ስበን ከዚያ እናንሳ።

4ኛ. ጉልበታችንንና ዳሌያችንን አጥፈን ዝቅ እንበል እንጂ ከወገባችን አንጎብጥ። በመላ መዳፋችን አጥብቀን እንያዝ።

5ኛ. አየር ስበን ሆዳችንን ጠበቅ እናድርግ። ስንነሳ ትንፋሻችንን ቀስ ብለን እያስወጣን በእግራችን ኃይል እንነሳ።

6ኛ. ስንዞር በእግራችን እንዙር። ሸክም ይዞ ወገብን መጠምዘዝ በጣም ይጎዳል።

ሶፋ ወይም ፍሪጅ ማንቀሳቀስ ሲያስፈልግ ከመሳብ መግፋት ይሻላል። ክርናችንን ወደ ጎናችን አስጠግተን በእግራችን እንግፋ፤ ከሶፋው እግር ሥር ወፍራም ጨርቅ ብናደርግ ይቀላል። ከባድ ነገር ይዘን ግን መስኮት ወይም የበረንዳ ጠርዝ ላይ ከቶ አንውጣ።

አረጋዊ ወይም በሽተኛ የምታነሱ ደግሞ ሰውየው አንገታችሁን እንዳይዝ ተጠንቀቁ። መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጡት፣ እግሩ መሬት ይንካ፣ ወደ ፊት ዘንበል ይበል። ተጠግታችሁ ጉልበታችሁን እጠፉ፤ ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ አብራችሁ ተነሡ። ራሱን ማገዝ የማይችል ከሆነ ግን ለብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ጉልበት እንዲጠነክር በትንሿ ክፍላችንም የሚሠራ እንቅስቃሴ አለ። ከግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ርቀን፣ መዳፋችንን በደረት ቁመት ግድግዳው ላይ አድርገን፣ ሰውነታችንን ቀጥ አድርገን ወደ ግድግዳው መቅረብና መግፋት፤ 8 ወይም 10 ጊዜ። ክርናችን ወደ ጎን እጅግ አይከፈት፣ ትከሻችንም ወደ ጆሯችን አይውጣ። ከወንበር እጅ ሳይደገፉ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥም እግርን ያበረታል። ሲያም ግን እናቁም።

ወገባችን ቢታመም ከባድ ነገር ከማንሳት እንረፍ፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከመተኛት ቀስ እያሉ መራመድ ይሻላል። እግር ቢዝል፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ቢደነዝዝ፣ ሽንት አልመጣ ወይም አልያዝ ቢል ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ነው። ይህን ለአሠሪ መንገር አያሳፍርም።

እርዳታ መጠየቅም ስንፍና አይደለም። በዓረብኛ "ተቂል" ማለት ከባድ ነው ማለት ነው። አግዢኝ ለማለት "ሳዕዲኒ"፣ አግዘኝ ለማለት "ሳዕድኒ" በሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት 189ኛ ስምምነት የቤት ሠራተኛ ሁሉ ጤናማና ደኅንነቱ በተጠበቀ ቦታ የመሥራት መብት እንዳላት ይናገራል። ስምምነቱ የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ብቻ ቢሆንም፣ የምትጠይቁት ነገር ቅብጠት አለመሆኑን ያስረዳችኋል።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንደሚያሰላ አስተምሮናል። እኛም ነገ ባልዲውን ከመጨበጣችን በፊት ለአንድ ትንፋሽ ያህል እንቁምና እናስብ፤ ለብቻችን የማንችለው ሆኖ ካገኘነው ሰው እንጥራ።

እግዚአብሔር ጉልበታችሁን ያጽና፤ በጤና ለአገራችሁ ያብቃችሁ። አሜን።