ከካርቱም የመጣ ፖስት ካርድ

(አሶሳ፤ ጡረታ ከወጡ የታሪክ መምህር ጋር)

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ አጎቴ ትቶት በሄደው ሻንጣ ውስጥ የድሮ ደብዳቤዎችና ፖስት ካርዶች አገኘሁ። ሁሉም ከካርቱም የመጡ ናቸው። ቴምብሮቹን ቆርጬ አልበም ላይ ልለጥፋቸው ስል እማዬ «መጀመሪያ ጋሼን ጠይቂ» አለችኝ።

አዛውንት፦ እናትሽ ትባረክ። በይ መቀሱን አስቀምጪው። ቴምብሩን ቆርጠሽ ካወጣሽው የሚቀርሽ ትንሽ ባለ ቀለም ወረቀት ብቻ ነው። ፖስታው ላይ እንዳለ ግን ብዙ ይናገራል። ማህተሙ ከየት ከተማ እንደተነሣና መቼ እንደተመታ ይነግርሻል። አድራሻው ለማን እንደተላከ ይነግርሻል። ዋጋው ደግሞ ያኔ አንድ ደብዳቤ ስንት ይከፈልበት እንደነበር ያሳይሻል። አንዱን ከሌላው አትለዪ። ቀድሞውኑ የተላቀቁት ብቻ አልበም ውስጥ ይግቡ።

ጠያቂ፦ ብዙዎቹ ላይ ግመል የሚጋልብ ሰው አለ።

አዛውንት፦ እሱ የሱዳን ዝነኛው ቴምብር ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1898 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምነግርሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት ለአንድ ዓመት ያህል ይሠራበት የነበረው «ሱዳን» የሚል ጽሑፍ የታተመበት የግብፅ ቴምብር ነበር። ሱዳንን ለመያዝ የዘመተውን የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ይመራ የነበረው ኪችነር ለሱዳን የራሷ ቴምብር እንዲወጣ ፈለገና ስታንተን የሚባል መኮንኑን ሥዕል እንዲያዘጋጅ አዘዘው። ስታንተንም የፖስታ ከረጢቶቹን ጭድ አስሞልቶ ግመል ላይ አስጫነ፤ አንድ የዓረብ ሼህ አስቀመጠበትና ሣለው። ለንደን ያለው የዴ ላ ሩ ማተሚያ ቤት አተመው። በይ ማጉያ መነጽሬን አምጪና ከረጢቶቹን አስተውዪ። ስታንተን «ካርቱም» እና «በርበር» የሚሉትን ስሞች ጽፎባቸዋል።

ጠያቂ፦ ታዲያ ምን ይገርማል? ፖስታው ወደዚያ እየሄደ ነዋ።

አዛውንት፦ ቀኑን ልብ በዪ። በማርች ወር ካርቱም ገና ኪችነር በሚወጋቸው በማህዲስቶች እጅ ነበረች። ካርቱምን ያስያዘው የኦምዱርማን ጦርነት የተደረገው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 2 ነው። ከተማዋን ሳይዟት ስሟን ቴምብር ላይ አትመው ጨርሰዋል ማለት ነው። እኔ ታሪክ ሳስተምር ይህችን ቴምብር ክፍል ውስጥ አዙሬ የማሳየው ለዚህ ነበር። መንግሥት በቴምብር ያለውንም የሚመኘውንም ይናገራል።

ጠያቂ፦ ሁለት ተመሳሳይ ካገኘሁ አንዱን ለጓደኛዬ ልስጣት?

አዛውንት፦ ተመሳሳይ መሆናቸውን በምን አወቅሽ? የተላቀቁትን በወረንጦ ያዢና ከጀርባ ወደ ብርሃን አንሺያቸው። ወረቀቱ ውስጥ የተደበቀ ምልክት አለ። በመጀመሪያዎቹ ላይ አበባ ነበር፤ ሙስሊሞቹ «መስቀል ይመስላል» ብለው ስለተቃወሙት በ1902 በጨረቃና ኮከብ ተቀየረ። ከፊት ለፊት ስታያቸው መንታ ናቸው። በጣትሽ ግን አትንኪያቸው፤ የእጅ ላብ ወረቀት ይበላል።

ጠያቂ፦ ፖስት ካርዶቹስ? ቀን ያልተጻፈባቸው አሉ።

አዛውንት፦ ገልብጫቸውና ጀርባቸውን እዪ። ጀርባው ለአድራሻ ብቻ የተተወ ከሆነና መልእክቱ ፊት ለፊት ሥዕሉ ጥግ ላይ ተጣብቦ ከተጻፈ፣ ካርዱ ጥንታዊ ነው። ሮም ላይ በ1906 የተሰበሰበው የዓለም ፖስታ ኅብረት ጉባኤ ጀርባው በመስመር ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለመልእክት እንዲሆን ለአባል አገሮች ሁሉ ፈቀደ። ቀጥሎ የአሳታሚውን ስም ፈልጊ። «ሞርሂግ፣ የእንግሊዝ ፋርማሲ፣ ካርቱም» የሚል ብዙ ታገኛለሽ። መድኃኒት ቤት ነው፤ ግን የከተማዋን ፎቶ በፖስት ካርድ ያሳትም ነበር። የካራካሺያን ወንድማማቾች የሚልም አለ። ከዚያ ሥዕሉ ራሱ ይመሰክራል። የጥቁር ዓባይ ድልድይ የተሠራው በ1909 ነው። ድልድዩ መኖር በሚገባው ቦታ ባዶ ውሃ ከታየ፣ ፎቶው ከዚያ በፊት ተነሥቷል።

ጠያቂ፦ ይቺ ካርድ ላይ ወንዙ ሞልቷል፤ ዛፎቹ ውሃው ውስጥ የገቡ ይመስላሉ።

አዛውንት፦ እሱ የኛው ክረምት ነው! ወንዞቻችን ዳቡስም በለስም ዓባይ ውስጥ ገብተው፣ በጉባ በኩል አልፈው ነው ካርቱም የሚደርሱት። እዚህ በሐምሌና በነሐሴ የዘነበውን ዝናብ እዚያ የነበረ ፎቶ አንሺ አነሣው ማለት ነው። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እንዲህ ያለውን ካርድ ነው። አንዱ ላይ የጋምቤላ ማህተም ካገኘሽም አትደናገጪ። ሱዳን ነፃ እስከወጣችበት እስከ 1956 ድረስ ጋምቤላ ላይ በሱዳን መንግሥት የሚተዳደር የንግድ ጣቢያ ነበር፤ በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም ይመጣ ነበር። እንዲህ ያለ ፖስታ ካገኘሽ ሳታሳዪኝ እንዳታድሪ።

ጠያቂ፦ አሶሳ ላይ እንዴት ይቀመጣሉ? አንዳንዶቹ ቢጫ ነጠብጣብ ጀምሯቸዋል።

አዛውንት፦ የአገራችን ክረምት ረጅም ነው፤ እርጥበት ሻጋታ ያመጣል፣ ያልተሠራበት ቴምብር ሙጫው ላልቶ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ምስጡን ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሻንጣውን ከመሬትና ከግድግዳ አርቂው። ካርዶቹን አቁመሽ እንጂ ደራርበሽ አታስቀምጪ። በበጋ ጥላ ሥር አናፍሺያቸው፤ ፀሐይ ግን አይንካቸው። ስኮች በፍጹም! የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክም ይቅር፤ ቀለም ያበላሻል።

ጠያቂ፦ አንድ የቀረኝ ነገር አለ፣ ጋሼ። ከሱዳኑ ጦርነት ሸሽተው በኩርሙክ በኩል የመጡ አንዲት እናት ቦርሳቸው ውስጥ የካርቱም ፖስት ካርድ አሳዩኝ። ባላቸው የጻፉላቸው ነው። «ከፈለግሽ ግዢኝ» አሉኝ።

አዛውንት፦ አትግዢ። መርዳት ከፈለግሽ ገንዘቡን እንዲያው ስጫቸው፤ ካርዱ ግን እጃቸው ላይ ይቅር። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ውጊያው ሲጀመር ሰዉ ቤቱን፣ ፎቶውን፣ ደብዳቤውን ጥሎ ነው የወጣው። በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም እንኳ ተዘርፏል። እሳቸው ከዚያ ሁሉ ይዘው የወጡት ያችን ካርድ ከሆነ፣ በችግራቸው ቀን ገዝተሽ አልበምሽን ብታስውቢበት እኔ አልወድልሽም።

ጠያቂ፦ ግን ከጠፋችስ? ታሪኳ አብሮ ይጠፋል።

አዛውንት፦ ስልክ አለሽ አይደል? ከፈቀዱልሽ ፊትና ጀርባዋን አንሺ፤ ማህተሙ ጎልቶ እንዲታይ አድርጊ። መልእክቱ የባልና ሚስት ጉዳይ ከሆነ ጀርባዋን ተዪው፣ ፊቷ ይበቃል። ከዚያ ጠይቂያቸው፦ ይህ መንገድ የት ነው? ቤታችሁ ከዚህ በየት በኩል ነበር? ካርዱ ሲጻፍ እሳቸው የት ነበሩ? የሚሉሽን በራሳቸው አነጋገር በሌላ ወረቀት ላይ ጻፊ፤ ካርዱ ላይ አንዲት ፊደል እንዳትጨምሪ። ዓረብኛው ካስቸገረሽ ቅዳሜ ከገበያ መልስ እኔ ዘንድ ይዘሻቸው ነዪ። እኔ አስተረጉማለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። ሲያበቃ አንዱን ቅጂ ለሳቸው ስጫቸው። ስማችን አይጻፍ ካሉም አትጻፊው።