የቅኔው ጉባኤና የኮሌጁ አዳራሽ
(ስለ ማስተማር ዘዴ የቀረበ አጭር ጥናት)

ትምህርት የሚሰጥበት መንገድ እንደ ትምህርቱ ዓይነት፣ እንደ ተማሪው ዕድሜና እንደ አስተማሪው ችሎታ ይለያያል። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ግን አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ያለው ተማሪ፣ ማለት የዩኒቨርሲቲው፣ የመምህራን ኮሌጁና የሙያ ማሠልጠኛው ተማሪ፣ የተማረው በአእምሮው እንዲጸናና ለሥራ እንዲበቃው በምን ዓይነት ዘዴ ቢማር ይሻላል የሚል ነው።

ውድ አንባቢዎች፣ ጥያቄው የሊቃውንት እንጂ የተማሪ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር የፈተናውን ውጤት ይመልከት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ 896 ሺህ ይጠጉ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ነበሩ ለማለት የሚደፍር ያለ አይመስለኝም። በክልላችንም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለ ነበር፣ ያለን ጊዜ አጭር ነው። ጊዜው አጭር የሆነበት ሰው ደግሞ መንገዱን መምረጥ አለበት።

ምርመራዬን የምጀምረው ከባሕር ማዶ ሳይሆን ከቅርብ ነው። አገራችን ጎጃም የቅኔ አገር ናት። ዋሸራና ጎንጅ በመላ ኢትዮጵያ ስማቸው የተጠራ የቅኔ ቤቶች ሲሆኑ፣ ከዋድላ ጋር ለሦስት የቅኔ መንገዶች መጠሪያ ሆነዋል። የቅኔ ቤት ተማሪው ንባቡንና ዜማውን ካለፈ በኋላ የሚገባበት ስለ ሆነ፣ በጥንቱ ሥርዓት ከፍተኛ ትምህርት ቤት ብንለው ስሕተት አይሆንም።

በሠፈራችን የሚኖሩ አንድ መሪጌታ የተማሩበትን ሥርዓት ጠይቄአቸው በሰፊው አስረድተውኛል። ተማሪው አስቀድሞ ግሱንና አገባቡን ከመምህሩ ይማራል። መምህሩም በጉባኤው ፊት የራሱን ቅኔ እየዘረፈ ምሳሌ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ተማሪው ብቻውን ወጥቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት ጥግ ተቀምጦ፣ ደበሎውን ተከናንቦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። ጀማሪው የሚቆጥረው ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ነው። እርሱ ሲቀናለት ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ እያለም እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ወደ ማታ ከመምህሩ ወይም ከአስነጋሪው ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል፤ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመ፣ አገባቡ የተፋለሰ እንደ ሆነ እዚያው በጓደኞቹ ፊት ይቃናለታል። በማግሥቱ የትናንቱን ይዞ መምጣት የለም፤ አዲስ መቁጠር አለበት።

«የኔታ፣ ምንም ያልቆጠረስ ምን ይሆናል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ባዶ እጁን የመጣ አይባረርም፤ የጓደኛው ሲቃና ሰምቶ ነገ ይዞ ይመጣል። የሚያስቸግረው ቀኑን ሙሉ ሰምቶ ገብቶኛል እያለ የሚሄደው ነው» አሉኝ።

ይህ ሥርዓት ሲመረመር አራት ነገሮች አሉበት፤ አስቀድሞ ግልጽ ትምህርትና ምሳሌ መስጠት፣ በየቀኑ ከራስ አእምሮ አውጥቶ መሥራት፣ ስሕተቱን ወዲያው መታረም፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ በደረጃ መውጣት። የቅኔ ቤቱን ሁሉ አመሰግናለሁ ማለቴ ግን አይደለም። ረኃቡ፣ የውሻው ንክሻና ዱላው ሊመሰገኑ አይችሉም። ዳዊትን ትርጉሙን ሳያውቁ መድገምም ለንባብ ያግዝ እንደ ሆነ እንጂ ለማስተዋል እምብዛም አይረዳም።

አሁን ወደ ዘመኑ ተመራማሪዎች እንለፍ። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በአሜሪካ አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በሁለት መንገድ አጥንተው እንዲማሩ አደረጉ። ባንደኛው መንገድ ምንባቡን ደግመው አነበቡት፤ በሁለተኛው መንገድ ግን አንድ ጊዜ አንብበው መጽሐፉን ከድነው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ፣ ከድነው የጻፉት 75 በመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ፣ ከድነው የጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። ለፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ደብተር የምናገላብጥ ሁላችን ይህን ቁጥር ብናስብበት መልካም ነው።

ከዚህ የበለጠ ስፋት ያለው ጥናት በ2014 (እንደ ኤውሮጳ) ፍሪማንና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው። በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ የከፍተኛ ትምህርት ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ መረመሩ። መምህሩ ብቻ እየተናገረ ተማሪው በሚሰማበት ክፍል የወደቁት 33.8 በመቶ ሲሆኑ፣ ተማሪው በሚጠየቅበት፣ በሚሠራበትና በሚወያይበት ክፍል የወደቁት 21.8 በመቶ ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በ2019 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ እየሠሩ የተማሩት በፈተና የተሻለ ውጤት አገኙ፤ ነገር ግን የተማርነው ጥቂት ነው ብለው ያሰቡት እነርሱው ነበሩ። ጥሩ ንግግር የሰሙት ብዙ የተማሩ መሰላቸው። መሪጌታው «ገብቶኛል እያለ የሚሄደው» ያሉት ይህን አይደለምን?

በሙያ ትምህርት ረገድ የራሳችን አገር ምሳሌ አለን። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ በቡድን እያደረገ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ተማሪዎቹ ሕሙማንን ማከም ብቻ ሳይሆን ምንጭ ማጎልበትና መጸዳጃ ማስቆፈር፣ እናቶችንም ማስተማር ነበረባቸው። ወባ ወይም ተቅማጥ ከየት እንደ መጣ የሚያየው ሰፈሩ ድረስ የሄደ ተማሪ ነውና። በኋላም እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1983 የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ይህን መንገድ አስፍቶ፣ ትምህርቱ ኅብረተሰቡን መሠረት ያደረገ እንዲሆን አደረገ። ዛሬም የጅማ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ይታወቃል።

ለመምህራን ማሠልጠኛዎችም በ2003 (እንደ ኤውሮጳ) የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም የሚባል ሥልጠና ተጀምሯል። በዚህ ሥልጠና አስተማሪው ራሱ ተማሪ ሆኖ አሳታፊ ዘዴንና ተከታታይ ምዘናን ይለማመዳል፤ በክፍሉ ያለውን ችግርም መርምሮ መፍትሔ ይሞክራል። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የወደድሁት አሳቡን ነው፤ እየሠሩ መማርን በንግግር ብቻ ማስተማር አይቻልምና። የፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተመራቂዎች ነገ የታናናሾቻችን አስተማሪዎች ስለሚሆኑ፣ ነገሩ የእያንዳንዱን ወላጅ ቤት ይነካል።

ስለ ቴክኒክና ሙያም ባጭሩ ልናገር። የአገራችን የሙያ ሥልጠና ሠልጣኙ ከተቋሙ ውጭ በድርጅት ውስጥ እንዲለማመድ ያዝዛል፤ መጨረሻም በብቃት ምዘና ሠርቶ እንዲያሳይ ያደርገዋል። ቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት። የሞተርን ሥዕል በደብተሩ ላይ አሳምሮ የሣለ፣ ነገር ግን ብሎን ፈትቶ የማያውቅ ልጅ በዚያ ምን ሊሠራ ይችላል? አባቶቻችን ሞፈርና ቀንበር መጥረብን ያስተማሩን መጥረቢያውን በእጃችን አስይዘው ነው።

አንዳንዶች ግን ከዚህ ተነሥተው አስተማሪ ዝም ይበል፣ ተማሪ ራሱ ያግኘው ይላሉ። ይህ ከልክ ያለፈ ነው። ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ በ2006 (እንደ ኤውሮጳ) ባወጡት ጽሑፍ፣ ጀማሪን ያለ በቂ መሪ መልቀቅ አእምሮውን እንደሚያጨናንቀው አሳይተዋል። የቅኔው መምህርም ግስና አገባብ ያልያዘውን ልጅ ሂድና መወድስ ቁጠር አይለውም። በቡድን አስቀምጦ አንዱ ጎበዝ ሲጽፍ ሌሎቹ እንዲያወሩ መተውም አሳታፊ ትምህርት ሊባል አይገባም።

ሌላው ተቃውሞ ክፍሉ ጠባብ፣ ተማሪው ብዙ ነው የሚል ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ኤሪክ ማዙር የተባለው የፊዚክስ መምህር ከ1991 (እንደ ኤውሮጳ) ጀምሮ በትልቅ አዳራሽ የሚያስተምርበት ቀላል ዘዴ አለ። መምህሩ አጭር ማብራሪያ ሰጥቶ አራት ምርጫ ያለው አንድ ጥያቄ ይጽፋል። እያንዳንዱ ብቻውን አስቦ መልሱን ይሰጣል። ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ለጥቂት ደቂቃ ይከራከርና እንደ ገና ይመልሳል፤ በመጨረሻ መምህሩ ያስረዳል። ለዚህ መብራትም ኮምፒዩተርም አያስፈልግም፤ አንደኛውን ለመምረጥ አንድ ጣት፣ አራተኛውን ለመምረጥ አራት ጣት ደረት ላይ አድርጎ ማሳየት ይበቃል። ጣቱ ደረት ላይ የሚሆነው የኋለኛው የፊተኛውን አይቶ እንዳይቀዳ ነው!

እኛም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ዘዴ በሒሳብና በፊዚክስ እንድንሞክረው ሐሳብ አቀርባለሁ። ቅዳሜ ጧት ለሁለት ሰዓት ብንገናኝ፣ ያለፈውን ሳምንት ትምህርት ደብተር ከድነን ብንጽፍ፣ ከዚያም በጥያቄ ብንከራከር ይበቃል። የምንፈልገው አንድ ክፍል፣ ጠመኔና የሚያቀናን አንድ መምህር ነው። የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ቁልፉን እንዲፈቅድልን፣ ወላጆቻችንም ለእነዚያ ሁለት ሰዓቶች ከገበያና ከእርሻ ሥራ እንዲያሰናብቱን በትሕትና እንለምናለን።