ዘይት የሚያንጠባጥብ የመሪ ሳጥን፤ ግራሶ ያድነዋል?

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ላንድሮቨር መሪ ምን አገባት ትሉ ይሆናል። አጎቴ ከደብረ ብርሃን በጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሰውና እህል የሚያመላልሰው በሲሪየስ 3 ላንድሮቨር ነው። ይህ ሞዴል የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ስለሆነ በዕድሜ ይበልጠኛል። በዚያ ቁልቁለት ላይ መሪው አልታዘዝ ቢል ምን እንደሚከተል መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

መሪውን ስናዞር ረጅሙ ዘንግ አብሮ ይዞራል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ጫፉ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ሲሆን፣ በላዩ የሚሄደው ዳዶ በትናንሽ የብረት ኳሶች ላይ ይንሸራተታል። ዳዶው ሌላ አጭር ዘንግ ያዞራል፤ አጭሩ ዘንግ ከሳጥኑ ወጥቶ ክንዱን ይገፋል፣ ጎማውም ይታጠፋል። ሳጥኑ የሚሞላው በ90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ነው። አጭሩ ዘንግ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ዘይቱን የሚያግድ ኦይል ሲል አለ። ብዙ ጊዜ የሚያንጠባጥበው እዚህ ጋ ነው።

ታዲያ ብዙዎች ምን ያደርጋሉ? ሳጥኑን በወፍራም ግራሶ ይጠቀጥቁታል። ጠብታው በርግጥ ይቆማል። ግን እኮ ዘይት ከኳሶቹ ሥር ቢገፋ ተመልሶ ይፈሳል፤ ወፍራም ግራሶ አንዴ ከተገፋ እዚያው ጥጉን ይዞ ይቀራል። ኳሶቹ በደረቁ ይፋተጋሉ፣ ከውጭ ሲታይ ደግሞ ሁሉም ደህና ይመስላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ግድ ከሆነ 00 ቁጥር የሚባለው ፈሳሽ መሰል ግራሶ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን የተበላ ብረት አይጠግንም።

መጀመሪያ ሳጥኑን በደንብ ጠርጎ፣ ትንሽ ነድቶ፣ ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ነው። ከጎን ክዳኑ ከሆነ ጋስኬት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከፊት በሻሲው ማቋረጫ ውስጥ የቆመው የመሪ ማስተላለፊያም ዘይት ስላለው ያንጠባጥባል። እሱን ግን በዘፈቀደ እንዳትፈቱት! ውስጡ የታመቀ ኃይለኛ ስፕሪንግ አለ፤ ተፈናጥሮ ሰው ይጎዳል።

ያነጋገርኳቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ፣ «ስሚ የኔ ልጅ፣ ያረጀው ሲሉ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። ዘንጉ ከተበላ ግን አዲስ ብታስገቢለትም አይቆይም» አሉኝ። መለየቱ አይከብድም። አንድ ሰው መሪውን በቀስታ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዝ፣ ሌላው አጎንብሶ ክንዱን ይይ። ዘንጉ በቀዳዳው ውስጥ ወደ ጎን የሚላወስ ከሆነ የተበላው ዘንጉ ወይም አቅፎ የያዘው ቡሽንግ ነው። በሳጥኑ ላይ ያለውን ማስተካከያ ብሎን አጥብቆ መገላገል የሚፈልግም አለ። ሳጥኑ ይበልጥ የሚበላው ጎማው ቀጥ ሲል በሚውልበት ቦታ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ከልክ በላይ የጠበቀ መሪ ሲታጠፍ ይከብዳል።

ክንዱ ከመነቀሉ በፊት ቦታው ላይ ምልክት ይደረግ። የሚነቀለውም በመንቀያ ነው፤ በመዶሻ ሲመታ ዱላው ውስጥ ላሉት ኳሶች ይተርፋል። አዲሱ ሲል ሲገባ ከንፈሩ ወደ ዘይቱ ይዞራል፤ የዘንጉ ጥርስ እንዳይቆርጠውም በፕላስተር ይሸፈናል።

የአጎቴ መኪና ሲፈታ ዘንጉም ቡሽንጉም ተበልተው ተገኙ፤ ሁለቱም ተቀየሩ። አጎቴ «ሁለት ገበያ አለፈኝ» እያለ እስካሁን ያጉረመርማል።