«ጋዝ ብቻ ነው» ሲባሉ ዋጋ ከመቁረጥዎ በፊት

ያገለገሉ መኪኖች በሚሸጡበት ቦታ ሁሉ ዘወትር የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፤ «ኤሲው ደህና ነው፣ ጋዝ ብቻ ነው የሚፈልገው» የሚል። ሻጩ ይለዋል፣ ደላላው ይደግመዋል፣ ገዢውም ጋዝ ማስሞላት የሚያስወጣውን ጥቂት ገንዘብ በልቡ አስልቶ ዋጋውን ይቆርጣል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን የተሞላው ጋዝ ይጠፋል። ሁለተኛ ይሞላል፤ አሁንም ይጠፋል። በመጨረሻ ዳሽቦርዱ ተነቅሎ ወይም ኮምፕሬሰሩ ተለውጦ የሚከፈለው ሒሳብ፣ ገዢው ሲከራከርበት ከዋለው የዋጋ ልዩነት ሊበልጥ ይችላል።

የስሕተቱ መነሻ ጋዙን እንደ ነዳጅ መቁጠር ነው። ነዳጅ ይቃጠላል፣ ያልቃል። የኤሲ ጋዝ ግን በተዘጋ መስመር ውስጥ እየተመላለሰ ስለሚሠራ አያልቅም። በጎማ ቱቦዎችና በማሸጊያዎች በኩል በዓመታት ውስጥ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ በወራት ውስጥ የጠፋ ጋዝ ግን የወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። በመሆኑም የገዢው የመጀመሪያ ጥያቄ «ጋዙ በየት ወጣ?» የሚል መሆን ይኖርበታል።

ቅዝቃዜው ከየት ይመጣል?

ኮምፕሬሰሩ በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ ጋዙን ይጨምቃል። ተጨምቆ የጋለው ጋዝ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት በሚገኘው ኮንደንሰር ሲያልፍ ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ እርጥበት በሚመጥ ማጣሪያና በጠባብ ቫልቭ በኩል አልፎ ከዳሽቦርዱ ሥር ወዳለው ኢቫፖሬተር ሲገባ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፤ በሚተንበትም ጊዜ የመኪናውን የውስጥ ሙቀት ይወስዳል። የኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚዞረው ከዚሁ ጋዝ ጋር ነው። ጋዙ ሲያንስ ዘይቱም በሚገባ ወደ ኮምፕሬሰሩ ስለማይመለስ፣ ኮምፕሬሰሩ ደርቆ ሊበላ ይችላል። ዛሬ «ጋዝ ብቻ» የተባለ ጉድለት ነገ ኮምፕሬሰር የሚያስለውጠው በዚህ መንገድ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ ብዙ ባለመኪናዎች ኤሲያቸውን ለወራት ሳይከፍቱ ይከርማሉ። ሳይሠራ የከረመ ኮምፕሬሰር ማሸጊያው ዘይት አጥቶ ስለሚደርቅ ጋዝ ማሳለፍ ሊጀምር ይችላል። ባለቤቱ ይህን አያውቅም። መኪናው ለድሬዳዋ፣ ለሰመራ ወይም ለጋምቤላ ነጋዴ ሲሸጥ ግን ጉድለቱ በመጀመሪያው ጉዞ ይገለጣል። መኪናውን ወደፊት ለመሸጥ ያሰበ ሰው በየሁለት ሳምንቱ ኤሲውን ለ10 ደቂቃ ያህል ቢከፍት የንብረቱን ዋጋ ይጠብቃል።

ከመግዛትዎ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

በብርድ ማለዳ የተደረገ ፍተሻ አያስተማምንም። እኩለ ቀን ላይ፣ መኪናው ፀሐይ ሲመታው ይፈትሹ። ሞተሩን አስነሥተው ኤሲውን ወደ መጨረሻው ቅዝቃዜ፣ ነፋሱን ወደ ከፍተኛው ያድርጉ፤ የውስጡን አየር ብቻ የሚያዞረውንም ቁልፍ ይጫኑ። ከ10 ደቂቃ በኋላ በመካከለኛው የነፋስ መውጫ ላይ ተራ የሙቀት መለኪያ ያስገቡ። ጤነኛ ኤሲ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀዘቀዘ አየር ያወጣል፤ በቆላ ከባድ ሙቀት ግን ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚታየውን ምልክት እንደሚከተለው ይለዩ።

ነፋሱ ደካማ ከሆነ፦ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከጋዝ ጋር አይገናኝም። በአቧራ የተዘጋ የውስጥ አየር ማጣሪያ ወይም የነፋሱ ሞተር ድካም ሊሆን ይችላል። ማጣሪያ ከሆነ ወጪው ቀላል ነው።

ነፋሱ ጠንካራ ሆኖ ካልቀዘቀዘ፦ ኮፈኑን ከፍተው የኮምፕሬሰሩን ክላች ይመልከቱ። ኤሲው ሲከፈት «ቀጭ» ብሎ ካልያዘ ፊውዙ፣ ሪሌው ወይም የራሱ የክላቹ ማግኔት ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ጋዝ ሲያንስም የግፊት መቆጣጠሪያው ኮምፕሬሰሩን ለማዳን ሲል መስመሩን ይቆርጣል። አንዳንድ አዳዲስ ኮምፕሬሰሮች ግን የሚይዝና የሚለቅ ክላች ስለሌላቸው በመሣሪያ መታየት አለባቸው።

ሲነዳ ቀዝቅዞ መብራት ላይ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ፦ በቅድሚያ የኮንደንሰሩ ፋን መሥራቱን ያረጋግጡ። ኮንደንሰሩም በጭቃና በአቧራ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ጥንቃቄ የተሞላበት እጥበት ብቻ የሚያድነው ጊዜ አለ።

ጥሩ ቀዝቅዞ ቆይቶ የሚሞቅና ጥቂት ካረፈ በኋላ የሚመለስ ከሆነ፦ በመስመሩ ውስጥ እርጥበት ገብቶ ቫልቩ ላይ በረዶ እየሠራ ወይም ኢቫፖሬተሩ በረዶ እየለበሰ ሊሆን ይችላል።

ኮምፕሬሰሩ የሚያጓራ ከሆነ፦ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። የተሰባበረ ኮምፕሬሰር ብረት ብናኝ በመስመሩ ስለሚበትን ማጣሪያው ይለወጣል፣ ቱቦዎቹ ይታጠባሉ፣ ብዙ ጊዜም ኮንደንሰሩ አብሮ ይለወጣል። ኮምፕሬሰሩን ብቻ ለውጦ መሄድ አዲሱን ለአሮጌው ብናኝ አሳልፎ መስጠት ነው።

ከመኪናው ሥር ንጹህ ውኃ መንጠባጠቡ ጤንነት ነው። ውኃው በውስጥ ምንጣፍ ላይ ከታየ ግን የማፍሰሻው ቱቦ ተደፍኗል።

ጋራዥ ውስጥ የሚጠየቅ

አንደኛ፣ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት የሚያፈሰው ቦታ ይፈለግ። በየመጋጠሚያው የሚታይ ቅባታማ እድፍ ጥሩ ፍንጭ ነው። መስመሩ ናይትሮጅን ተሞልቶ በሳሙና አረፋ ሊፈተሽ ይችላል። ያፈሰሰው የመጋጠሚያ ላስቲክ ከሆነ ወጪው ትንሽ ነው። ኢቫፖሬተሩ ከሆነ ግን በብዙ መኪኖች ዳሽቦርድ መንቀል ስለሚያስፈልግ የጉልበቱ ዋጋ ከዕቃው ሊበልጥ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከጥገና በኋላ አየሩና እርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይሳብ። የጥገና መጻሕፍት መለኪያው 29 ኢንች ገደማ እንዲደርስ ይጠይቃሉ፤ ይህ ግን ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ መርፌው ከ22 እስከ 23 ኢንች ገደማ ላይ ቢቆም ፓምፑን አይውቀሱ። ፓምፑ ከተዘጋ በኋላ መርፌው ከተመለሰ ግን ጋዝ አያስሞሉ።

ሦስተኛ፣ ጋዙ በሚዛን ይሞላ። መጠኑ በግራም ኮፈን ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ሞተሩ ሳይነሣ የግፊት መለኪያው በ25 ዲግሪ ሙቀት ከ80 ፒኤስአይ በላይ ቢያሳይ «ሙሉ ነው» ማለት አይቻልም፤ በመስመሩ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ንባቡን የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ከልክ በላይ መሙላትም ቅዝቃዜውን ይቀንሳል፣ ኮምፕሬሰሩንም ይጎዳል።

አራተኛ፣ የጋዙ ዓይነት ይታወቅ። የቀድሞው አር 12 የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ በበለጸጉት አገሮች በ1996፣ በታዳጊዎቹ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ቆሟል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ መኪኖች አር 134 ኤ ይጠቀማሉ። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ለገበያ የቀረቡ አዳዲስ መኪኖች በአብዛኛው አር 1234 ዋይኤፍ ይዘዋል። እነዚህን መቀላቀል ክልክል ነው። የማብሰያ ጋዝን በምትካቸው መሙላት ደግሞ ተቀጣጣይ ነገር ወደ ተሳፋሪው ክፍል ማስገባት ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ሲሆን

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በገበያው በዝቷል። የዚህ መኪና ኮምፕሬሰር ቺንጋ የለውም፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይዞራል። በብዙ ሞዴሎች ባትሪውንም የሚያቀዘቅዘው ይኸው መስመር ስለሆነ ጉድለቱ ከምቾት ያልፋል። ዘይቱ የኤሌክትሪክ ፍሳሽን የሚከላከል ልዩ ዓይነት ነው፤ ለተራ መኪና የሚሆነው ዘይት ቢቀላቀልበት ኮምፕሬሰሩን ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ በከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ ያልሠለጠነ ባለሙያ እንዳይነካው ያድርጉ።

ዋጋውን ሲቆርጡ

ኤሲው የማይቀዘቅዝ መኪና ሁሉ መጥፎ ግዢ አይደለም። ሁለቱም ወገኖች የሚያፈሰውን ቦታ ካወቁ ቅናሹ በግምት መሆኑ ይቀርና በጥገናው ሒሳብ ይሆናል። ሻጩ «ጋዝ ብቻ ነው» ካለ በራሱ ወጪ አስፈትሾ፣ አስሞልቶ፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ በድጋሚ እንዲታይ ይስማማ፤ ወይም ከዋጋው የተወሰነ ገንዘብ እስከዚያ ድረስ ይያዝ። ይህም በሽያጩ ውል ላይ ይጻፍ። ለደላላውም ቢሆን መኪናውን አስቀድሞ አስፈትሾ ማቅረብ ይበጀዋል፤ ዛሬ የሸጠለት ነጋዴ ነገ ሁለተኛ መኪና ሲፈልግ የሚደውለው ለእሱ ነውና።