ዳኛው የሚፈርደው በሰማው ነው



«ገዳዩን አገር ያውቀዋል፤ ፍርድ ቤት ግን ለቀቀው።» ይህን ስሞታ ስንቶቻችን ተናግረናል? ቀጥሎም «ዳኛው ጉቦ በልቶ ነው» እንላለን። ዳኛ ሁሉ ንጹሕ ነው አንልም። ግን በዳኛው ላይ ከመፍረዳችን በፊት ውሳኔ ላይ እንዴት እንደሚደርስ እንወቅ።

አንድ ሰው ከትክል ድንጋይ ገበያ ሲመለስ በጥይት ተመትቶ ሞተ እንበል። ፖሊስ መርምሮ ዐቃቤ ሕግ ክስ መሠረተ። ከዚህ በኋላ ጉዳዩ አራት ደረጃ አለው።

1ኛ. መነሻው ንጹሕነት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ተከሳሽ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም። የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው።

2ኛ. ብይን ነው። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ከተሰሙ በኋላ ማስረጃው በቂ ካልሆነ ዳኛው ተከሳሹን መከላከያ ሳይጠይቅ በነጻ ያሰናብተዋል (የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 141)። በቂ ከሆነ «ተከላከል» ይባላል (አንቀጽ 142)።

3ኛ. ፍርድ ነው። ዳኛው የሁለቱን ወገን ማስረጃ ይመዝናል። ምስክሩ በዓይኑ አይቷል ወይስ ወሬ ሰምቷል? ተኳሹ አስቦ ነው ወይስ በቸልተኝነት? የትኛውን ማስረጃ ለምን እንደተቀበለ ወይም እንዳልተቀበለ በፍርዱ መጻፍ አለበት።

4ኛ. ቅጣት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተራ ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ከባድ ግድያ ደግሞ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያስቀጣል። የቀድሞ መልካም ጠባይ፣ እውነተኛ ጸጸትና የተበደለን መካስ ቅጣት ያቀላሉ። ስለዚህ ሽማግሌ ያወረደው ዕርቅና የደም ካሳ ቅጣቱን ሊያቀልሉ ይችላሉ እንጂ የግድያን ክስ አያስቀሩም።

ልብ በሉ! በአራቱም ደረጃ ዳኛው በግል በሚያውቀው ወይም አገር በሚያወራው አይፈርድም። የሚፈርደው ችሎት በቀረበለት ነው።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን የሚያዩት ተከራካሪዎች ፈቅደው የሚያመጡትን የጋብቻ፣ የውርስና የመሳሰለውን ጉዳይ እንጂ ወንጀልን አይደለም። ይህ የፍርድ ሥርዓት ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እሳቸው እንኳ በሚሰሙት እንደሚፈርዱ፣ አንደበተ ርቱዕ ሆኖ የወንድሙን ሐቅ የወሰደ ሰው የወሰደው የእሳት ቁራጭ መሆኑን እንዳስተማሩ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዳኛ ተቆጥቶ እንዳይፈርድም ከልክለዋል።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል። ያን ቀን መንገድ ላይ የነበረው ሰው የት ሄደ? «ዘመዴ ነው»፣ «ደም ውስጥ አልገባም» ብሎ ዝም አለ። ሌላው «ከእኔ ጋር ነበር» ብሎ በሐሰት ማለ። ዳኛው ማስረጃ አጥቶ ለቀቀ። የሟች ወንድምም ፍርድ ቢያጣ ጠመንጃውን አነሣ። አንድ የነበረው ሬሳ ሁለት ሆነ፤ ሁለቱም ቤት ወላጅ አልባ ልጅ ቀረ። በዚህ ደም ዝም ያለው ሰው እጅ የለበትምን?

ምስክር መሆን እንደሚያስፈራ እናውቃለን። ለከባድ ወንጀል ምስክሮች ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 699/2003። ስጋት ያለው ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ አስቀድሞ ይናገር። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 135 በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይም ቢሆን በፍትሕ እንድንመሰክር አዟል። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 283 ደግሞ ምስክርነትን መደበቅ የልብ ኃጢአት መሆኑን ነግሮናል።

በዚህ ጁሙዓ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ያየነውን ደብቀን ዳኛውን አምተን ይሆን?

አላህ ከሐሰት ምስክርነትም ከዝምታም ይጠብቀን። አሚን። ጁሙዓ ሙባረክ!