ምድር ባቡር የሠሩ አያቶቻችን እንዴት ይኖሩ ነበር?

የባላባትና የጦር አዝማች ዘር ቈጥሮ የሚያስረዳ አይጠፋም። ሐዲድ ያነጠፉና ድንጋይ የተሸከሙ አያቶቻችን ግን «ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር» ከሚል ቃል በቀር ብዙ አይነገርላቸውም። የበሉትንና የተኙበትን ካልጠየቅን ስማቸውን እንጂ ኑሯቸውን አናውቅም።

ምርምሩ የሚጀመረው ከቤት ነው። በዕድሜ የገፉ ዘመዶቻችንን፦ «በአንድ ክፍል ስንት ሆናችሁ ታድሩ ነበር? ውኃ ከየት ይቀዳ ነበር? ደመወዝ ሳይደርስ ማን ያበድር ነበር?» ብለን እንጠይቅ። «ኑሮው እንዴት ነበር?» ብቻ ብንል መልሱ «ተመስገን» ይሆናል።

ሁለተኛው፣ የሰማነውን ከታወቀው ታሪክ ጋር ማነጻጸር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። እንግዲህ በ1900 የተወለደ ሰው ምድር ባቡር መሥራቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐዲዱን ድሬዳዋ አድርሷል ማለት ግን አይቻልም። ሰፈሩንም እንጠይቅ፤ በድሬዳዋ በፕላን የተሠራው ከዚራና ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ኑሯቸው አንድ አልነበረም።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። የደመወዝ ወረቀት፣ የኪራይ ደረሰኝና የእድር ደብተር ከሣጥን ሥር ይፈለግ። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ስለ ተወረሱ፣ ቤቱ የቀበሌ ሆኖ ከነበረ ሰነዱ የክፍሎቹን ብዛትና የኪራዩን ልክ ሊያሳይ ይችላል። ነገር ግን እንጠንቀቅ። በፈረንሳይኛ የተጻፈ ወረቀት ዘመኑን በአውሮፓ አቈጣጠር ስለሚያኖር ከእኛው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይበልጣል። ስምም በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ ይለወጣል፤ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ደግሞ በክርስትና ስማቸው ሊይዛቸው ይችላል።

ያገኘነውን ሁሉ ማን እንደ ነገረንና መቼ እንደ ነገረን ጨምረን እንጻፍ። ያላገኘነውን ባዶ እንተወው እንጂ በግምት አንሙላው።

«ኩሊ ነበሩ» ተብሎ በኀፍረት የተሸፈነ ታሪክ በብዙ ቤት አለ። የእድሩ ደብተር ሲገለጥ ግን ያ ሰው ከጥቂት ደመወዙ ላይ በየወሩ ለጎረቤቱ ቀብር ያዋጣ እንደ ነበር ይታያል። ይህን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬ ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ሳንዘገይ እንጠይቃቸው።